ሃንድአውቱ ሲያረጅ

ከዩኒቨርሲቲ በር ፊት ለፊት ያለ ኮፒ ቤት የመምህርን ታሪክ ከመዝገብ ቤት የተሻለ ያውቃል። ዲላም ከሌላው ግቢ የተለየች አይደለችም። ሴሚስተሩ ሲጀመር ክላስ ሪፑ ከመምህሩ የተቀበለውን አንድ ቅጂ ይዞ ይመጣል፤ ገንዘቡ ከየዶርሙ ይሰበሰባል፤ ማሽኑ ሲጮኽ ይውላል። ወረቀቱ ሃንድአውት ይባላል። የኮፒ ኮፒ ስለሆነ ዳር ዳሩ ጠቁሯል፤ የሥዕሎቹ መስመር ተበልቷል፤ ሠንጠረዡ ውስጥ 3 ይሁን 8 የማይለይ አኃዝ አለ። ተማሪው አይከራከርም። ፈተናው የሚወጣው ከዚያው ነው።

በዚህ አገር የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ለረጅም ጊዜ የቆመው በዚህ ወረቀት ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጽሐፉ አንድ፣ ተማሪው ብዙ፣ መምህሩ መሀል ላይ። መጽሐፉን ያነበበው እሱ ስለሆነ ያሳጥራል፣ ያስጽፋል፣ ይፈትናል። ክብሩም፣ አንዳንዴ ኩራቱም፣ የመጣው ገጹን ከመያዙ ነው። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የነጠቀው ይህንኑ ገጽ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይመሩት የነበሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለቀቁለት። ከዲላ ተነሥቶ እዚያ መድረስ ግን 360 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ነበር። ከፍተኛ ትምህርት በሞያሌ መንገድ ላይ ወዳለችው የቡና ከተማ ራሱ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ብዙ ዓመት ወሰደ። በ1988 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተከፈተ። በ1992 ዓ.ም. ከአዋሳ የእርሻ ኮሌጅና ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ጋር በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጠቃለለ። በ1999 ዓ.ም. መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በየአቅጣጫው ሲያስፋፋ ራሱን ችሎ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

የመጀመሪያውን ስም ልብ ይሏል፤ ዲላ የጀመረችው መምህር በማፍራት ነው። መምህርን የሚያስተምር መምህር የነበረበት ግቢ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲሰፋ ሥራውም አብሮ ተለጠጠ። ትናንት በማዕረግ የተመረቀ ልጅ ረዳት ምሩቅ ሆኖ ይቀጠራል፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ይላካል፤ ሲመለስ ሌክቸረር ይባላል፤ ከዚያ እስከ ረዳት ፕሮፌሰርና ተባባሪ ፕሮፌሰር ያለውን መሰላል ይያያዘዋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ሃየር ዲፕሎማ የሚባል የማስተማር ሥልጠና መጣና ዶክትሬት ያለው ሰው ሳይቀር ከወጣቱ ጎን ቁጭ ብሎ እንዴት እንደሚያስተምር ይማር ጀመር። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ አንዳንዱ ደግሞ ተማሪን በቡድን ማወያየትን ከዚያ ነው የቀሰመው።

ማሽን በመምህር ቦታ ሲገባ ግን የአሁኑ የመጀመሪያው አይደለም። ይህን የረሱ ሰዎች ናቸው ዛሬ እንደ አዲስ የሚደነግጡት።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ተሰቀለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይወርዳል፤ በእንግሊዝኛ ይነገራል፤ በአገሪቱ ያለ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ያያል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። አብዛኛውን ቴሌቪዥኑ ይወስደዋል፤ ለመምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትቀርለታለች። ከዲላም ሆነ ከሌላ ኮሌጅ በሒሳብ ወይም በፊዚክስ ተመርቆ የወጣው ወጣት ክፍል ሲገባ ሥራው ቴሌቪዥኑን ማብራት ሆኖ ጠበቀው። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው "ይህን ሥሩ" ብሎ ሰዓት ይቆጥራል፤ ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ መምህሩ ጠመኔውን ያነሣል። ከዚያ ትውልድ ብዙዎች የተማርነው መብራት በጠፋ ቀን ነው እያሉ የሚቀልዱት ወደው አይደለም።

ፕላዝማው አንድ ጉድለት ነበረው፤ አይጠየቅም። አሁን የመጣው ደግሞ ጠይቁኝ እያለ ይለምናል፤ የማያውቀውንም ቢሆን ሳይመልስ አያልፍም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ትልቅ ልዩነትም ነው።

ከሁለቱ መሀል ስልኩ አለ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰረዘ። ብብት ሥር ትሸጎጥ የነበረችው አጤሬራ በአንድ ሌሊት አገር የምታዳርስ ሆነች። መንግሥት በየፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት እስከ ማጥፋት ደረሰ። በመጨረሻም የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፍራሽና ደብተራቸውን ይዘው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተጓዙ፤ ስልክ በር ላይ ቀረ፤ ፈታኞቹ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆኑ። ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። መልሱ ቀላል ነበር፤ ሰውየውን ከነአካሉ አምጥቶ አዳራሽ ውስጥ ማስቀመጥ።

ወር ከምናምን አልቆየም። ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ተለቀቀ። የዚያ ሰሞን የኢትዮጵያ መምህር ልብ ግን ሌላ ቦታ ነበር። በዚያው ወር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን የደመወዝ ጥያቄያቸው አልመለስ ቢል በበርካታ ግቢዎች ሥራ አቁመው ነበር። የወሩ ደመወዝ የቤት ኪራይ አልፎ አስቤዛ የማይሞላለት ሰው ስለ አሜሪካ ሶፍትዌር የሚያወራበት ጊዜ አልነበረውም። ሶፍትዌሩም ቢሆን ኢትዮጵያን አላሰባትም፤ መጀመሪያ ላይ አገልግሎቱ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውጭ ስለነበረች ቪፒኤንና የውጭ አገር ስልክ ቁጥር ይጠይቅ ነበር። ተማሪ ግን መላ አያጣም። በቴሌግራም ቦት አድርጎ ዶርም ገባ።

መጀመሪያ የተጎዳው መምህሩ አልነበረም። በየዩኒቨርሲቲው አካባቢ የመብራት ምሰሶ ላይ "የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን" የሚል ማስታወቂያ የሚለጥፈው ነጋዴ ነው። ማማከር የተባለው ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ለሌላ ሰው ጥናት ጽፎ መሸጥ ኤአይ ሳይታሰብ ጀምሮ የነበረ ገበያ ነው፤ ማሽኑ ያደረገው ዋጋውን ወደ ዜሮ ማውረድ ብቻ ነው። ዱሮ ገንዘብ ያለው ያስጽፍ ነበር፤ አሁን ዳታ ያለው ሁሉ ያስጽፋል። በዚህ በኩል ካየነው የኩረጃ እኩልነት መጣ ማለት ይቻላል።

አንድ መምህር ስልሳ አሳይመንት ይዞ ማታ ተቀመጠ እንበል። ጥያቄው በዲላ ዙሪያ ስላለው የአፈር መሸርሸር ነው። የመጀመሪያው ወረቀት እንግሊዝኛው ይፈሳል፤ አንድ ቃል አልተሳሳተም። ሁለተኛውም እንደዚያው። አምስተኛው ላይ ሲደርስ አንቀጾቹ እህትማማች እንደሆኑ ይገባዋል፤ ሁሉም ሦስት ምክንያትና ሦስት መፍትሔ አላቸው፤ አንዳቸውም ውስጥ የአንድ ቀበሌ ስም የለም። የተጠቀሰውን ጥናት ሲፈልገው ደራሲው አለ፣ መጽሔቱ አለ፣ ጽሑፉ ግን የለም። በክፍል ውስጥ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የሚናገር ልጅ እንዲህ ጻፈ ብሎ ለማመን ይቸገራል፤ አልጻፈም ብሎ ለመክሰስም ማስረጃ የለውም።

ይህ የዲላ ብቻ ጣጣ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ኤልሰቪየር የተባለው ግዙፍ አሳታሚ በሚያወጣው መጽሔት ላይ ማሽኑ ለጠያቂው የሰጠው የትሕትና መልስ ሳይሰረዝ፣ በጥናታዊ ጽሑፍ መግቢያ የመጀመሪያ መስመር ላይ ታትሞ ወጥቷል። ጸሐፊዎቹ፣ ገምጋሚዎቹ፣ አርታኢው፣ አንዳቸውም አላነበቡትም ማለት ነው። መምህሩም ራሱ ንጹሕ አይደለም። የኮርስ አውትላይን፣ የምርጫ ጥያቄ፣ ስላይድ፣ የድጋፍ ደብዳቤ በማሽን ማስጻፍ ዛሬ የሚታፈርበት ነገር መሆኑ እየቀረ ነው። ማሽን ያወጣውን ጥያቄ ማሽን መልሶት መምህር የሚያርመው ቀን ሩቅ ነው ብሎ የሚወራረድ ሰው አይገኝም።

"የሚለይ ሶፍትዌር አለ" የሚሉ አሉ። አለ፤ ነገር ግን ለዲላ ተማሪ አደገኛ ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2015 ዓ.ም. ሰባት መለያ ሶፍትዌሮችን አፍ መፍቻቸው እንግሊዝኛ ባልሆነ ሰዎች በተጻፉ 91 የቶፍል ድርሰቶች ፈተኗቸው። ሰው በእጁ የጻፋቸውን እነዚያን ድርሰቶች በአማካይ 61 በመቶ ያህሉን የማሽን ሥራ ናቸው አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቋንቋው ሁለተኛው የሆነ ሰው በጥቂት የታወቁ ቃላት ይጽፋል፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ እንዲህ ያለውን ቀጥ ያለ አጻጻፍ የማሽን ይለዋል። ከጌዴኦ ቀበሌ የመጣ ልጅ ቤቱ በጌዴኡፋ ያወራል፣ ከተማ ሲወጣ በአማርኛ ይገበያያል፣ ክፍል ሲገባ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። እንግሊዝኛ ለእሱ ሦስተኛ ነው። ሶፍትዌር ላይ ተማምኖ ኤፍ የሚሰጥ መምህር እውነተኛውን ጸሐፊ ሊቀጣ ይችላል።

መውጫው ካለ ከግቢው አጥር ውጭ ነው። ዲላ ያለችበት የጌዴኦ ዞን ለጥያቄ አውጪ የታደለ ቦታ ነው። ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ተዳፋት ከሩቅ ደን ይመስላል፤ ሲቀርቡት የሰው ጓሮ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ጎን ቡና። ጥላው የትኛውን ቡና እንደጠቀመ፣ የትኛው ዛፍ ለምን እንዳልተቆረጠ የሚያውቀው ባለጓሮው ነው። ተመራማሪው ታደሰ ኪጴ ይህን የመሬት አያያዝ በደንብ ሰንደውታል፤ ዩኔስኮም በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጽሑፍ የለም ማለት አይደለም፤ ግን ስለ አንዱ ጓሮ የተጻፈ የለም። "የአያትህ ጓሮ ውስጥ ስንት ዓይነት እንሰት አለ? ስማቸውን በጌዴኡፋ ጻፍ፤ ለምን እንደተለያዩ አያትህን ጠይቅ" ለሚል አሳይመንት የማሽኑ መልስ ልቦለድ ነው።

የጌዴኦ ትክል ድንጋዮችም እንዲሁ። ስለ ዕድሜያቸው ቀድሞ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ከ8ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይላል። በ2014 ዓ.ም. አሸናፊ ዜናና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ሳካሮ ሶዶ ያሉትን ወደ 1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወሰዳቸው፤ ታሪኩ ብዙ መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። የትኛውን መልስ ይዘህ መጣህ፣ ለምንስ አመንከው ብሎ የሚጠይቅ መምህር ተማሪው ማሽን ቢጠቀም ባይጠቀም ብዙ አይጨነቅም። በዚያ ላይ ያረጁ ሰነዶች የጌዴኦን ሕዝብ የሚጠሩት ደራሳ እያሉ ነው። ይህን የማያውቅ ፈላጊ፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ ከመዝገቡ ግማሹን ያጣዋል።

ሌላው መንገድ አሮጌ ነው፤ አፍ። በሰሜኑ የቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ብቻውን ጫካ ዳር ቁጭ ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማታ ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የትላንቱ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የተዋሰ ወዲያው ይታወቅበታል፤ ምክንያቱም የኔታ "ይህን ቃል ለምን እዚህ አገባኸው?" ይሉታል። በጌዴኦ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት ሶንጎም ሰው በአንደበቱ የሚቀርብበት ቦታ ነው። ዩኒቨርሲቲው ይህን ልማድ ጨርሶ አልረሳውም፤ ዲፌንስ ብሎ ለመመረቂያ ቀን ብቻ አስቀምጦታል። ወረቀቱን አቅርቦ ስለጻፈው ነገር ሃያ ደቂቃ የተጠየቀ ተማሪ ማን እንደጻፈለት ራሱ ይናገራል፤ ሶፍትዌር አያስፈልግም።

ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ግን ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ማለት ሃያ ሰዓት ነው፤ ያውም ለአንድ አሳይመንት። የመምህሩ ሎድ የሚቆጠረው በክሬዲት አወር ነው። እነዚያ ሃያ ሰዓታት ቅጹ ላይ መስመር የላቸውም።