ስም ያጣው በደል፦ ሴቶች በሳይንስና በጤና ሙያ

በመሥሪያ ቤት የተፈጸመ በደል አቤት ሊባልበት የሚቻለው በመጀመሪያ ስም ሲኖረው ነው። ስም የሌለው በደል በመዝገብ አይሰፍርም፤ በመዝገብ ያልሰፈረውም እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። በሳይንስ ሙያ የተሰማሩ ሴቶች ከአለቆቻቸው የሚደርስባቸው ትንኮሳ ታሪክ በአመዛኙ ይኸው ነው።

ስያሜው ራሱ የተገኘው ከሳይንስ ደጃፍ ነው። በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የኑክሌር ጥናት ላቦራቶሪ የአስተዳደር ሠራተኛ የነበረችው ካርሚታ ዉድ፥ አለቃዬ አደረሰብኝ ባለችው ትንኮሳ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1974 ሥራዋን ለቀቀች። የሥራ አጥነት አበል ስትጠይቅም የለቀቀችው በግል ምክንያት ነው ተብላ ተከለከለች። በ1975 ጉዳይዋን የያዙት ሴቶች ለበደሉ የሚስማማ ቃል ፈልገው፥ ዛሬ እኛ «ፆታዊ ትንኮሳ» የምንለውን ስያሜ አወጡ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን ያሠለጥን ነበር። ነርሶቹ ሴቶች፥ የጤና ጣቢያው መሪ የሚሆኑት ጤና መኮንኖች ግን በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። በከፍተኛ ትምህርትም ቢሆን፥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ መኮንን የመጀመሪያዋን ሴት ፕሮፌሰር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2009፥ ከተመሠረተ ወደ 60 ዓመት ሲጠጋ ነው። ሙያው ሴቶችን ለአገልግሎት የጠራው ለሥልጣን ከመጥራቱ እጅግ ቀድሞ እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህንኑ ሥርዓት እስከ ቀበሌ አወረደው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በለጠ። ዓባይና በሽሎ ገደል አድርገው በቆረጡት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፥ በመካነ ሰላም ዙሪያ፥ በቦረና፥ በወግዲ፥ በከላላና በሳይንት የክትባትና የእናቶች ጤና ሥራ የቆመው በእነዚህ ሴቶች እግር ነው።

ሆኖም የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ተጠሪነት ለጤና ጣቢያ፥ ከዚያም ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ነው፤ የቀበሌው አስተዳደርም በሥራዋ ላይ ቃል አለው። ግምገማዋ፥ ዝውውሯና የትምህርት ዕድሏ በበላዮቿ እጅ ነው። እንግዲህ በደል ያደረሰባት ከእነዚሁ አንዱ ቢሆን ለማን አቤት ትላለች? ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ገጠር አቤት ማለት ከአጥፊው ይልቅ የእርሷን ስም ሊያስነሣ ይችላል።

ሕጉ ከዚህ ላይ ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 በአስተማሪነቱ፥ በአሠሪነቱ ወይም በመሰል ሥልጣኑ ተጠቅሞ በሴት ላይ የግብረ ሥጋ ድርጊት የፈጸመን ሰው በእስራት ይቀጣል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ከከፈተ ወዲህ «አስተማሪ» የሚለው ቃል ለአካባቢው ሴት ተማሪዎችም የቅርብ ነገር ሆኗል። ነገር ግን አንቀጹ የሚሠራው ተበዳይዋ አቤቱታ ስታቀርብ ብቻ ሲሆን፥ የሚቀጣውም የተፈጸመን ድርጊት እንጂ በቃልና በምልክት የሚደረገውን ውትወታ አይደለም።

ይህን ክፍተት የሞላው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ትንኮሳን ተርጉሞ ከለከለ፤ የተበደለችው ሠራተኛም ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ሥራዋን እንድትለቅ ፈቀደ። ይሁን እንጂ የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ የጤና ኬላዋ ባለሙያ በዚህ አዋጅ አትጠለልም። ደግሞስ ለገጠር ልጅ ሥራን መልቀቅ መብት ቢሆንም መፍትሔ ሊሆን አይችልም፤ በዳዩ በወንበሩ ይቀመጣል፥ ኬላው ግን ሠራተኛ ያጣል።

ስለዚህ የቀረው ሥራ የእኛ የባለሙያዎቹ ነው። አቤቱታዋን ከበላዮቿ መስመር ውጪ የሚቀበል ሰው፥ ከተቻለ ሴት፥ በየወረዳው ይታወቅ፤ አቤቱታው በጽሑፍ ይመዝገብ፤ ጉዳዩ እስኪጣራም ከቦታው የሚነሣው ተከሳሹ እንጂ ከሳሿ አትሁን። ማኅበራችን በአባላቱ ሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ እነዚህን ሦስት ነገሮች ቢያስገባ፥ ስም ያገኘው በደል ሰሚም ያገኛል።