የትራንዚስተር ካባ

በልጅነቴ ሐዋሳ ውስጥ ከትምህርት ቤት መልስ የማዘወትረው አንድ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ነበር። ቀትር ላይ፣ የሐይቁ ነፋስ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ጠጋኙ የተከፈተ አምፕሊፋየር ላይ ያጎነብስና መብራቱን አጥፍቶ ጣቱን አንድ የብረት ቆብ ላይ አሳርፎ ይቆጥራል። አምስት ሳይደርስ ጣቱን ካነሣ፣ «ይኼ ልብሱ ጠቦታል» ይለኛል። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ያ የብረት ቆብ 2ኤን3055 የሚባለው የኃይል ትራንዚስተር ነበር። የአሜሪካው አር.ሲ.ኤ. ኩባንያ ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. መሆኑን ለሚያስብ፣ ከተማችንና እርሱ እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ትራንዚስተር ራሱ ከተወለደ (በቤል ላቦራቶሪ፣ በ1947 እ.ኤ.አ.) ገና ብዙም አልቆየም ነበር። የመጀመሪያዎቹ የተሠሩበት ጀርማኒየም ሙቀት አይችልም፤ መቶ ዲግሪ ሳይሞላ ይዳከማል። የእርሱን ቦታ የወሰደው ሲሊከን ግን ሁለት መቶ ድረስ ይታገሣል። ይሁን እንጂ ትዕግሥት ብቻውን ምን ያደርጋል? ሙቀቱ መውጫ ይሻል።

መውጫው ካባው ነው። በብረቱ ቆብ ሥር ያለው ሲሊከን ከጥፍር ያነሰ ቅንጣት ሲሆን፣ ወፍራም የብረት ወለል ላይ ተበይዷል። እግሩ ሁለት ብቻ ነው፤ ሦስተኛው እግር ገላው ራሱ ነው። ፋብሪካው 115 ዋት ይችላል ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ዋት ቅንጣቷ ከካባዋ በ1.5 ዲግሪ ያህል ትበልጣለችና፣ 115 ዋት ሲሞላ ልዩነቱ 175 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ ጽሑፉ እውነት የሚሆነው ካባውን 25 ዲግሪ ላይ አጽንቶ ለሚይዝ ብቻ ነው። በሐዋሳ ቀትር ማን ይህን ይችላል? ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ ስድስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ሙቀት ተሸክሞ የሚሄደውም ይቀንሳል።

ኋላ ላይ የብረቱ ካባ ተወደደና ነጠላ መጣ፤ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ከጀርባው ብቻ የብረት ሰሌዳ ያለው። የዚሁ ትራንዚስተር የፕላስቲክ ወንድም 75 ዋት ይላል፤ የሚታገሠውም 150 ዲግሪ ብቻ ነው። የብረት ሰሌዳ የሌላቸው፣ ግማሽ ክብ ጥቋቁር ትናንሾቹ ደግሞ ግማሽ ዋት አለፍ ካሉ ያልቅላቸዋል። ትንፋሻቸው በቀጫጭን እግሮቻቸው ነውና።

አንድ ጊዜ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሙዚቃው በመሐል ተቋረጠ። አምፕሊፋየሩ በሳምንቱ ሌላ ቦታ ተጠግኖ የመጣ ነበር። ሙሽራዋ ቆማ፣ ሽማግሌዎች ተያይተው፣ እናቴ በእልልታ ልትሸፍነው ስትታገል አስታውሳለሁ። በማግስቱ ጋሼ (ጠጋኙን የምጠራው እንዲህ ነበር) ከፍቶ አሳየኝ። ትራንዚስተሩ አዲስ ነው፤ ከአሉሚኒየሙ የሚለየው ቀጭን የማይካ ቅጠልም አለ፤ ምክንያቱም ገላው ኤሌክትሪክ ይሸከማልና ያለ ማይካ ቢነካ ይቃጠላል። የጎደለው ነጩ ቅባት ነበር። ለዓይን የተገጣጠሙ የሚመስሉት ሁለቱ ገጾች በእውነት የሚነካኩት ጥቂት ነጥብ ላይ ብቻ ነው፤ በመሐል ያለው አየር ሙቀቱን ያግደዋል። ቅባቱ ያን አየር ያስወጣል። የተረሳው የአንድ ጣት ጫፍ ቅባት ነበር።

ዛሬ በዚያው ሱቅ የሚጠገኑት የእጅ ስልኮች ናቸው። የዘመኑ ቅንጣት ካባ የለበሰ አይመስልም፤ ሙቀቱን በሆዱ በኩል፣ በጥቃቅን የብየዳ ነጥቦች፣ ወደ ሰሌዳው መዳብ ይለቃል፤ ከመዳቡ ወደ ስልኩ ገላ፣ ከገላው ወደ ባለቤቱ መዳፍ ያልፋል። ጣት አስቀምጦ የሚቆጠርበት ቦታ የለም። ባለፈው ክረምት ስልኬን ይዤ ስገባ ጋሼ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ እንዲህ ሲል ነው፦ «ሲግል እጅህን የቱ ጋ ነው የሚያቃጥልህ?»