ወርቅ አጣቢውና ዋጋው

ባለፈው ንግግሬ ስለ አሞሌ ጨው ተጨዋውተን ነበር። ዛሬ ደግሞ ጨው ይለወጥበት ስለነበረ አንድ ነገር፥ ስለ ወርቅ እናወራለን። ወርቅ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የንጉሥ ዘውድ፥ የሙሽራ ቀለበት፥ የአንጥረኛ ሱቅ ነው። እኔ የማወራችሁ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ስላለው ሰው ነው፤ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብሎ አሸዋ ስለሚያጥበው።

መጀመሪያ ሥራውን እንወቅ። ወርቅ የሚወለደው ከዐለት ውስጥ ነው። ዐለቱን ዝናብና ፀሐይ ለብዙ ሺህ ዘመናት ሲሸረሽሩት ወርቁ ከአፈሩ ጋር ወደ ወንዝ ይወርዳል። አንድ ሊትር በሚይዝ ጣሳ ውኃ ብትሞሉ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ የዚያኑ ጣሳ ልክ የሚያህል ጠጣር ወርቅ ግን ከ19 ኪሎ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ጎርፉ አሸዋውን ጠርጎ ሲሄድ ወርቁ ይዘቅጣል። ወንዙ በሚታጠፍበት በውስጠኛው በኩል፥ ከትልልቅ ድንጋይ ሥር፥ በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል። ወርቅ አጣቢውም በገበቴው የሚሠራው ወንዙ የሠራውን ነው። አፈሩን በውኃ ይበጠብጣል፥ ጠጠሩን በእጁ ይለቅማል፥ ገበቴውን እያሽከረከረ ቀላል ቀላሉን በጠርዙ ያፈሳል። መጨረሻ ላይ ጥቁር አሸዋ ይቀራል። ከዚያ ጥቁር አሸዋ ጫፍ ላይ ቢጫ ነገር ብልጭ ካለ የድካሙ ዋጋ እሱ ነው። ካላለም ሌላ ገበቴ አፈር። እህል በሰፌድ ያበጠረች ሴት ይህ ወዲያው ይገባታል፤ ሰፌዱ ገለባውን ለነፋስ ይሰጣል፥ ገበቴው ደግሞ ለውኃ። ምናልባትም ስለዚህ ይሆናል በምዕራቡ አገራችን ይህን ሥራ ብዙ ሴቶች የሚሠሩት።

አሁን ወደ ታሪኩ። የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ማተም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፥ በእንዱቢስ ዘመን ነው። ከወርቅ፥ ከብርና ከመዳብ ነበር የሚያትሙት። የወርቁ ገንዘብ በጣም ትንሽ ነበረች፥ ሦስት ግራም እንኳ አትሞላም። በላይዋ የንጉሡ መልክና ስም ተቀርጿል። ወርቁን ከወንዝ ያወጣው ሰው ስም ግን የለም፤ ይኖራል ብለንም አንጠብቅም።

የሚገርመው ግን ያ ሰው እንዴት ይገበያይ እንደነበር የጻፈልን አለ። ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ ነው። በንጉሥ ካሌብ ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ፥ ወደ አዱሊስ ወደብ መጥቶ ያየውንና የሰማውን ኋላ በመጽሐፉ አስፍሮታል። እሱ እንደሚለው፥ የአክሱም ንጉሥ በአገው አገር ገዢ በኩል በየሁለት ዓመቱ ሳሱ ወደሚባል አገር ሰዎች ይልክ ነበር። ነጋዴዎችም ይከተሏቸዋል፤ ሁሉም አንድ ላይ ከ500 ሰው በላይ ይሆናሉ። የሚይዙት በሬ፥ ጨውና ብረት ነው። እዚያ ሲደርሱ እሾህ ሰብስበው ሰፊ አጥር ያጥራሉ፥ በውስጡ ይሰፍራሉ። በሬዎቹን ያርዱና ሥጋውን፥ ጨውንና ብረቱን በእሾኹ ላይ ያስቀምጣሉ።

ከዚያ የአገሩ ሰዎች ይመጣሉ። የያዙት ወርቅ ግብጦ የሚያህል ፍሬ ነው። (ኮስማስ ያመሳሰለው በግብጦ ነው፤ ግብጦን ለምናውቅ ለእኛ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።) ከመደቡ የወደደውን ሰው ከጎኑ አንድ ወይም ሁለት፥ ቢፈልግም ከዚያ በላይ ፍሬ ወርቅ አስቀምጦ ራቅ ብሎ ይቆማል። ባለ ሥጋው መጥቶ ያያል። ከበቃው ወርቁን ያነሣል፤ ያኛውም መጥቶ ሥጋውን ወይም ጨውን ይወስዳል። ካልበቃው ወርቁን እዚያው ይተወዋል። ባለ ወርቁ ተመልሶ ወርቁ እንዳልተነካ ሲያይ ወይ ይጨምራል፥ ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። አንድ ቃል አይነጋገሩም፤ ቋንቋቸው ይለያያል፥ አስተርጓሚም የለም። አምስት ቀን ያህል እንዲህ ይገበያያሉ። ደርሶ መልሱ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሲሄዱ ከብት ስለሚነዱ ያዘግማሉ፥ ሲመለሱ ግን ክረምቱ እንዳይዛቸው ይፈጥናሉ።

ብዙ የታሪክ ሰዎች ሳሱን ወደ ቤኒ ሻንጉልና ወደ ፋዞግሊ አካባቢ ያስጠጉታል። እኔ ከዚህ ሁሉ የምትገርመኝ «ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል» የምትለዋ ናት። ነጋዴው የታጠቀ ነው፥ ከጀርባው ንጉሥ አለ። ወርቅ አጣቢው ደግሞ ያለው ገበቴ ብቻ ነው። ሆኖም ዋጋው ካላማረው እምቢ ማለት ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን ይህ መብት ብዙ ጊዜ ተነጥቋል። እ.ኤ.አ. በ1820 የግብፁ ገዢ ሙሐመድ ዓሊ ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት አንዱ የሚፈልገው ወርቅ ነበር፤ ሁለተኛው ባሪያ። ልጁ ኢስማዒል እስከ ፋዞግሊ ድረስ ዘልቆ ወርቁን አስፈለገ፥ ያሰበውን ያህል ግን አላገኘም። ሲመለስ በ1822 ሸንዲ ላይ በእሳት ተቃጥሎ ሞተ። አባትየው ግን ተስፋ አልቆረጠም። ሰባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው፥ እ.ኤ.አ. በ1838 መጨረሻ ተነሥቶ ራሱ ወደ ፋዞግሊ ወረደ። እሱም ባዶ እጁን ተመለሰ ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? እነሱ የፈለጉት የወርቅ ተራራ ነበር። ያ ወርቅ ግን በመቶ ጅረት ውስጥ የተበተነ፥ በሺህ እጅ ትንሽ በትንሽ የሚለቀም ነው። በጦር ሠራዊት አይለቀምም።

በእኛም በኩል ነገሩ ንጹሕ አይደለም፥ መደበቅም አያስፈልግም። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ዘምተው ቤኒ ሻንጉል ወደ ዐፄ ምኒልክ ግዛት ሲጠቃለል፥ አገሩ ግብሩን በወርቅ እንዲከፍል ሆነ። የሚሰፈረው በወቄት ነው። አንድ ወቄት የማሪያ ቴሬዛ ብር ክብደት፥ 28 ግራም ገደማ ማለት ነው። ግብሩን ሰብስበው የሚያስገቡት እንደ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ያሉ የአካባቢው ገዢዎች ነበሩ፤ ከወርቁም ጋር ሰው በባርነት ይሰጥ ነበር። አንድ ግራም ወርቅ ከአተር ፍሬ ያንሳል። 28ቱን ለመሙላት ስንት ገበቴ አፈር እንደሚታጠብ እናንተው አስቡት። ግብር ደግሞ እሾህ ላይ አይቀመጥም፤ አንሥቶ መሄድ የለም።

የአዶላን ነገር ባጭሩ ልለፈው፥ እሱ ለብቻው አንድ ንግግር ይፈልጋል። እዚያ መንግሥት ራሱ ባለቤት ሆኖ ወርቅ ያወጣ ነበር፤ ከተማውም ክብረ መንግሥት ተባለ። የለገ ደንቢው ትልቅ ማዕድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ለግል ኩባንያ ተሸጠ።

በገበቴ የሚያጥበው ሰው በሕግ የታወቀ ፈቃድ አለው፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን አዋጅ ባህላዊ ማዕድን አምራች ብሎ ይጠራዋል። ወርቁን የሚሰበስበው ብሔራዊ ባንክ ነው። ነገር ግን ባንኩ የሚከፍለው በሕጋዊው ምንዛሪ፥ የጥቁር ገበያው ደግሞ ከዚያ እጅግ የራቀ በነበረባቸው ዓመታት፥ ብዙ ወርቅ በድብቅ ድንበር ይሻገር ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ወደ ባንኩ የሚገባው ወርቅ ባንድ ጊዜ አሻቀበ። ወንዙ ያው ወንዝ፥ ገበቴውም ያው ገበቴ ነው። ኮንትሮባንድ መጥፎ ነው ብለን ስንመክር የኖርነው እኛ መምህራን ዋጋውን ማየት ረስተን ነበር።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። በምዕራቡ በኩል በማስተምርበት ቀበሌ አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። ወንዙ ሲጎድል ከክፍል ይጠፋል፤ እናቱን ሊረዳ ነው። አንድ የገበያ ቀን ከእናቱ ጋር ወርቅ ገዢው ዘንድ አገኘኋቸው። እናትየው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯቸውን ፈቱና ዱቄቱን ሚዛኑ ላይ አፈሰሱ። ሚዛኑ ቁጥር የሚያወጣ ነው። ገዢው ቀና ሳይል «ግማሽ ግራም» አለ።

ልጁ አንገቱን አስግጎ አየና በቋንቋቸው ለእናቱ አንሾካሾከ። እኔም ጠጋ ብዬ አየሁ፤ ዜሮ ነጥብ ስምንት ይላል። በዚያው ሳምንት ነጥብ ያለበትን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬአቸው ነበር፥ ግማሹ ክፍል አልገባውም ብዬም ተበሳጭቼ ነበር። አፌን ልከፍት ስል እናትየው በእጃቸው ተዉ አሉኝ። አልተቆጡም፥ አልተከራከሩም። ወርቃቸውን በጥንቃቄ ወደ ጨርቁ መልሰው ቋጠሩት፥ ልጃቸውን አስከትለው መንገድ ጀመሩ። ገዢው ከኋላ ሁለት ጊዜ ተጣራ፥ ዞርም አላሉ።

ሁለት ገበያ ያህል ቆይተው ሸጡት። በስንት እንደሸጡት ልጁን ጠየቅሁት፤ ሳቀና አልነገረኝም።