ጥምዝነት፦ ፕላዝማ ስንት ጊዜ፣ ወዴት ከረረ?

ፀሐይ የወረወረችው ፕላዝማ ምድር ሲደርስ አዲስ አበባም ያውቀዋል። ከእንጦጦ ግርጌ፣ አራት ኪሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሚሠራ የመግነጢስ መከታተያ ጣቢያ አለ፤ መግነጢሳዊ ማዕበል ሲነሳ የምድር መግነጢሳዊ መስክ አግድም ክፍል ሲወርድ ይመዘግባል። የማዕበሉ ክብደት በፍጥነቱ ብቻ አይወሰንም። ፕላዝማው የተሸከመው መስክ ወዴት እንደተጠመዘዘና ምድር ሲደርስ ወደ ደቡብ ማዘንበል አለማዘንበሉ ጭምር ይወስነዋል።

ይህን መጠምዘዝ በቁጥር የሚገልጸው ሄሊሲቲ ነው፤ በአማርኛ ጥምዝነት ቢባል ያስኬዳል። ጠመዝማዛነት ለእንጦጦ ዳገት መንገድ ይቅር፤ ጥምዝነት ምልክት አለው፣ ቀኙ ፖዘቲቭ፣ ግራው ኔጋቲቭ።

ሁለት ጫፉ ተይዞ የከረረ ፈትል ሲላላ በራሱ ላይ ተጠቅልሎ ቀለበት ይሠራል፤ ክረቱ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ጣቢያው ሥራ በጀመረበት በዚያው 1958 የኔዘርላንዱ የከዋክብት ተመራማሪ ሎዴዋይክ ቮልትየር፣ የኤሌክትሪክ መቋቋም በሌለው ፕላዝማም እንዲሁ እንደሚሆን በሒሳብ አሳየ። ሄሊሲቲ የሚለውን ስም በ1969 ያወጣለት ኪት ሞፋት ነው። በ1974 ደግሞ ብሪያን ቴይለር፣ በእንግሊዝ ዜታ በተባለው መሣሪያ ሲናወጥ የቆየው ፕላዝማ ለምን በራሱ እንደሚረጋ አስረዳ፦ ኃይሉ ቶሎ ይባክናል፣ ጥምዝነቱ ግን ይዘገያል።

ችግሩ ጥምዝነትን በቀጥታ የሚያነብ መሣሪያ አለመኖሩ ነው፤ መስኩን ነጥብ በነጥብ ለክቶ ማስላት ያስፈልጋል። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ 18 ሜትር የሚረዝም የፕላዝማ ዓምድ በየሰከንዱ ይለኮሳል፣ ይጠፋል። በውስጡ በዘንግ ጫፍ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር የምታክል የሽቦ ጥቅል ትገባለች። መስኩ ሲለዋወጥ ጥቅሏ ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ለሦስቱ አቅጣጫዎች ሦስት ጥቅል ያስፈልጋል። ከዚያ ሞተር ዘንጉን ጥቂት ገፋ ያደርገዋል፣ ፕላዝማው እንደገና ይለኮሳል፤ እንዲህ እየተባለ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች ይለቀማሉ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን አንድ ነጥብ ብቻውን ስለ ክረት የሚናገረው ነገር የለም፣ ድምሩ ነው ቁም ነገሩ። የፕላዝማውን ፍሰት የሚለካው ሌላ መመርመሪያ ነው፦ ሁለት የብረት ገጾቹ ጀርባ ለጀርባ ሆነው፣ በፍሰቱ ፊት ያለው ከኋላው የበለጠ የአዮን ጅረት ይቀበላል፤ ከሁለቱ ንጽጽር ፍጥነቱ ይሰላል።

ሁለቱ ልኬቶች አብረው የሚፈለጉበት ምክንያት አለ። ፍሰቱም ራሱ ይጠመዘዛል። ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሞቺ የተባለው ሙከራ የተነሳው የመስኩንና የፍሰቱን ጥምዝነት በአንድ ላይ ለማጥናት ነው፤ አንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ስለሚችል፣ መስኩን ብቻ የለካ ሰው ወደ ፍሰቱ የዞረውን ክረት እንደጠፋ ሊቆጥረው ይችላል።