ዜና ጨንቻ፥ መንበሯም ወደ ኩልፎ ዳር እንደ ወረደ

የነገሥታቱን ዜና የቤተ መንግሥት ጸሐፍት ጽፈውታል። እኛ ደግሞ በጋሞ ደጋ ስለ ተቀመጠች ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ፥ ስለ ጨንቻ፥ እንጽፋለን። እርስዋም ከፍታዋ ወደ 2700 ሜትር ነው፤ ጉምና ብርድ አይለያትም። የኩልፎ ወንዝ ከዚሁ ደጋ ተነሥቶ በአርባ ምንጭ አጠገብ አልፎ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል።

የጋሞ ስም የሸዋ ጦር ሳይመጣም ይታወቅ ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለዐፄ ይስሐቅ በጥንቱ አማርኛ በተገጠሙት ውዳሴዎች ከተጠሩት አገሮች አንዱ ጋሞ ነው። ከአባያ ሐይቅ በላይ ያለችውን ብርብር ማርያምንም ሽማግሌዎቹ ከግራኝ ዘመን በፊት የነበረች ናት ይላሉ። አገሩ ግን በአንድ ዘውድ ሥር አልነበረም። ደሬ በሚባሉ ግዛቶች ተከፍሎ፥ እያንዳንዱ ደሬ ካዎ የሚባል የራሱ ንጉሥና ሀላቃ የሚባል የራሱ ሹም ነበረው። ክርክር በተነሣ ጊዜ ሰዎቹ በዱቡሻ፥ በመሰብሰቢያው ሜዳ፥ ተቀምጠው እስኪስማሙ ድረስ ይነጋገሩ ነበር። ይህን ከጉባኤ ሁሉ የሚበልጥ አድርጌ አላወድሰውም፤ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በዚያ ሜዳ ላይ እኩል አልተቆጠሩምና።

ከዚህም በኋላ በ1887 ዓ.ም. ወላይታ በዐፄ ምኒልክ እጅ ወደቀ፤ በተከታዩም ዓመታት የጋሞ ደጋ ተያዘ። በዓድዋው ዓመት፥ በ1888፥ ቪቶሪዮ ቦቴጎ የሚባል የኢጣልያ መኮንን በዚያ በኩል አልፎ አባያን በንግሥቱ ስም ማርጌሪታ ብሎ ሰየመው። ኢጣልያ በዓድዋ ድል በሆነች በጥቂት ወራት ውስጥ ለሐይቅ ስም ለማውጣት አላፈረም! ባለአገሩ ግን አባያ ማለቱን አልተወም። ጨንቻም የጦር ሰፈር ሆነች፤ ወታደሩ ተተከለ፥ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፥ ገበሬውም ገባር ተባለ። እህሉንና ጉልበቱን ለመልከኛው ሲሰጥ ኖረ፤ የከተማዋ ክብር በዚህ ላብ የተሠራ ነውና ይህን ሳይጽፉ ማለፍ አይገባም።

የኢጣልያ ወራሪም ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. አገሪቱ በ12 ጠቅላይ ግዛት ስትከፈል ጋሞ ጎፋ አንዱ ሆነ፥ ጨንቻም መናገሻው ሆነች። እንደራሴው በዚያ ተቀመጠ፤ ባለጉዳዩ ከኮንሶና ከጎፋ ቆላ ሳይቀር እየወጣ በብርድ ደጅ ጠና። በ1950ዎቹ አጋማሽ ግን ደጃዝማች አእምሮ ሥላሴ አበበ መንበሩን ወደ ቆላ አወረዱት። ከገደሉ ግርጌ ምንጮቹ በሚፈልቁበት ስፍራ ከተማ ቆረቆሩ፤ በምንጮቹም ስም አርባ ምንጭ ተባለች። ሹማምንቱ በላይኛው ሰፈር በሴቻ፥ ነጋዴው በታችኛው በሲቀላ ሰፈረ። ከጨንቻ ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ቁልቁለቱ ከደጋ ብርድ ወደ ወባ ምድር ያደርሳል። ጨንቻም የወረዳ ከተማ ሆና ቀረች።

ይሁን እንጂ መንበሩ ሲወርድ ሽመናው አልወረደም። ዶርዜ ከጨንቻ በታች ነው። ሴቶቹ ጥጡን ይፈትላሉ፥ ወንዶቹ ይሸምናሉ። የዶርዜም ሰው እጁን ይዞ ተሰደደ፤ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ጥበብ የሚሸጠውን ጠይቁት፥ ዘሩን ከዚህ ይቆጥራል። ቤታቸውም በቀርከሃ ተጠልፎ የሚሠራ ነው፤ ፊቱ የዝሆን ፊት ይመስላል፥ በአዲስነቱም እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ምስጥ እግሩን ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ይጥላሉ፤ ስለዚህ ቤቱ በዕድሜው ቁጥር እያጠረ ይሄዳል። መሬቱ ካልተመቻቸውም ጎረቤት ተጠራርቶ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። መንበር ሲዛወር ያየ አገር ቤት መሸከም አይከብደውም።

ዳን ስፐርበር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ከእነርሱ ጋር ኖሮ አንድ ነገር ጽፏል፤ ለዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፥ ረቡዕና ዓርብም ይጾማል። ሆኖም ዶርዜው በጾም ቀን ከብቱን ከመጠበቅ አይዘናጋም። እኔ በዚህ ውስጥ ከብዙ መጽሐፍ የሚበልጥ ጥንቃቄ አያለሁ።

ማክሰኞና ቅዳሜም የጨንቻ ገበያ ይቆማል፤ እንሰቱ፥ ገብሱ፥ የሸማው ጥቅል ይወጣል።

የዱቡሻው የሰላም ልማድም አልጠፋም። በ2011 ዓ.ም. በመስከረም ወር በአዲስ አበባ አጠገብ ባለችው በቡራዩና በአካባቢዋ የጋሞ ልጆች ተገደሉ። ዜናው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶቹ ለበቀል ወደ ጎዳና ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎችም እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ በአባቶች ልማድ ሣር የያዘን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ ነውር ነውና። ጠመንጃ አልያዙም፥ ከመንግሥትም አዋጅ አልጠበቁም። ወጣቶቹም ተመለሱ።