«ስማርት»፦ ከቁስል እስከ ስልክ

ዛሬ «ስማርት ስልክ»፣ «ስማርት ሲቲ» እየተባለ በአማርኛ እንደ ልብ የሚነገረው «ስማርት» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ቅጽል፣ ሲነሣ ከብልህነት ጋር ዝምድና አልነበረውም፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «የሚቆጠቁጥ፣ የሚለበልብ» ማለት ነበር፤ «ሕመም» የሚል ፍቺ ያለው የጀርመንኛው «ሽሜርትስ»ም የሥር ዘመዱ ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው ግስ ዛሬም ሳሙና ለገባበት ዓይን ያገለግላል። የሚያም ምት ፈጣንና ብርቱ በመሆኑ፣ ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ «ቀልጣፋ»፣ ከዚያም ወደ «ብልህ» እና «ሽክ ያለ» ተሻገረ፤ በዚህም አሜሪካዊ በአብዛኛው አእምሮን፣ እንግሊዛዊ ግን ብዙ ጊዜ አለባበስን ያወድስበታል። በቬትናም ጦርነት ዘመን ደግሞ ወደ ዒላማው እየተመራ ለሚወድቅ ቦምብ ተሰጠ፤ ስልኩም የመጣው በዚሁ ፈለግ ነው። አማርኛም ከቢላዋ ስለት ተነሥቶ «የሰላ አእምሮ» ይላልና መንገዱ ባዕድ አይደለም። ስለዚህ ለሰው «የሰላ አእምሮ ያለው»፣ ለአለባበስ «ሽክ ያለ» ማለት ሲበቃ፣ ለመሣሪያው «ብልህ» ማለት የሰውን ጠባይ ለዕቃ ማዋስ፣ «ዘመናዊ» ማለትም ነገ የሚያረጅ ስም መስጠት ስለሚሆን፣ ቃሉ ራሱ ያለፈበት «ቀልጣፋ» የተሻለ ይስማማል።