«ኬላ»፤ ከጎጃም መንገድ እስከ ኮምፒውተር

«ፋየርዎል» የተባለውን የኮምፒውተር ቃል አንዳንዶች ቃል በቃል «የእሳት ግድግዳ» ብለው ይመልሱታል። በሕንፃ ሥራ ይህ ትክክል ነው፤ እሳት ከክፍል ወደ ክፍል እንዳይዛመት የሚያግድ ግድግዳ ነውና። በኮምፒውተር ግን ነገሩ መጪውን መርምሮ አንዱን ያሳልፋል፣ ሌላውን ይከለክላል። ስለዚህ በአማርኛ በተዘጋጁ አንዳንድ ፕሮግራሞች ላይ የሚገኘውን «ኬላ» የተባለውን ቃል እንመርጣለን።

ቃሉ በጎጃም ባለታሪክ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከዐባይ ማዶ ወርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይዘው በባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደር የሚያቀኑ ሲራራ ነጋዴዎች በየኬላው እየቆሙ ቀረጥ ይከፍሉ ነበር። ኬላ የሚተከለው በወንዝ መሻገሪያ፣ በተራራ በርና በመንገድ መገንጠያ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ፍኖተ ሰላምን ያለፈ መንገደኛ ቡሬ ሲደርስ አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወስደዋል። በዚህ አገር ለሚኖር ገበሬም ሆነ ነጋዴ የኬላን ትርጉም ማስረዳት አያሻም።

ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ይህን ሥራ የሚያከናውነው ኔትፊልተር፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ከወጣው 2.4 እትም ጀምሮ የሥርዓቱ አካል ነው። የድረ ገጽ ሰርቨር የሚጠብቅ ባለሙያ በቅድሚያ የተፈቀደለትን ግንኙነት መልስ ያሳልፋል፤ ቁጥር 80ንና 443ን ለሁሉም፣ ቁጥር 22ን ለታወቀ አድራሻ ብቻ ይከፍታል፤ የቀረውን ይከለክላል። ሕጎቹ ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፤ በመጀመሪያ የገጠመው ይፈርዳል። ጠቅላላውን ክልከላ ከፈቃዱ በላይ የጻፈ ባለሙያ ራሱ ደጅ ይቀራል። «ግድግዳ» የሚለው ቃል ይህን ቅደም ተከተል አይጠቁምም፤ «ኬላ» ግን ፍተሻንና ፍርድን በአንድነት ያሳስባል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ስሕተት አለ። ከላይ የጠቀስናቸው ቁጥሮች በእንግሊዝኛ «ፖርት» ስለሚባሉ «ወደብ» ተብለው ተተርጉመዋል። ይሁን እንጂ በላቲን «ፖርቱስ» ወደብ፣ «ፖርታ» በር ነው፤ የኮምፒውተሩ ቃል ዘር ሁለተኛው ነው። ስለዚህ «በር 80» ማለት ይቀናል፤ ኬላም ያለ በር አይሆንም።

ኬላ የቀረጥና የእንግልት ትዝታ አለው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እኛ ግን ይህን ትዝታ እንደ ጉድለት አንቈጥረውም። የበዛ ኬላ ገበያን ያደርቃል፤ የጠፋ ኬላ ንብረትን ያስዘርፋል። ይህን ሚዛን ለተማሪው ያለ ማብራሪያ የሚያስታውስ ቃል በእጃችን ሳለ፣ ባዕድ ግድግዳ ማቆም አያስፈልገንም።